ማለቂያ የሌለው ክላሲካል

እኛ ነገር መጀመር እናውቅበታለን። መጨረስ ላይ ነው ጉዱ። ካላመናችሁኝ ስልክ ስትዘጉ ራሳችሁን አዳምጡ። «እሺ በቃ» ትላላችሁ። በቃ ካላችሁ በኋላ «ሁሉንም ሰላም በልልኝ» ይመጣል፤ «እሺ ቻው» ይከተላል፤ «ቻው እሺ፣ እሺ ቻው ቻው» ይደረብበታል፤ ጣታችሁ ቀዩ ላይ ሊያርፍ ሲል ደግሞ «ስማ እንጂ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይባላል። እንግዳ ስንሸኝም እንደዚያው ነው። ሶፋ ላይ ተሰናብተን እንነሣለን፣ በር ላይ እንደገና እንሰናበታለን፣ ዋናው ወሬ ግን ደረጃው ላይ ነው የሚጀመረው። እኔ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ እንግዳ ሸኝቼ ስመለስ እራቴ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል።

ይህን ያነሣሁት ላማችሁ ፈልጌ አይደለም። በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው ሥራ ማለቂያ ለሌለው ነገር ማለቂያ ማበጀት ስለሆነ ነው። እንጀራዬን የማገኘው ከኢንሹራንስ ቤት ነው፤ ይህኛው ግን እንጀራ የለውም፣ ሰው ፊትም አይወራም። እስቲ ላስረዳችሁ። ልጅ ሆናችሁ በእጅ የሚያዝ ጌም ከነበራችሁ፣ ወይም በነበረው የጎረቤት ልጅ ትከሻ ላይ አንገታችሁን አስግጋችሁ ካያችሁ፣ ከውስጡ የምትወጣውን ቀጭን ሙዚቃ አትረሷትም። ያቺ ሙዚቃ እንደ ካሴት የተቀዳች አይደለችም። ማሽኗ እዚያው በዚያው የምትጫወታት ናት። «ይህን ድምፅ አውጪ፣ ከዚያ ያንን፣ ስታበቂ ተመልሰሽ ከላይ ጀምሪ» የሚል ትእዛዝ አላት፤ ልጁ ደረጃውን እስኪያልፍ ወይም እስኪሞት ድረስ ትዞራለች። ልጁ ካልሞተ እሷም አትሞትም።

አሁን እነዚህን ሙዚቃዎች ከጌሙ አውጥተው በኮምፒውተርና በስልክ የሚያዳምጡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ችግሩ፣ ሙዚቃዎቹ ሲወጡ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻም የላቸውም። አንዱን ከከፈታችሁት መብራት እስኪጠፋ ይጫወታል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጥና ስም ያወጣላቸዋል፤ ሙያው ታግ ማድረግ ይለዋል፣ እኔ ክርስትና ማንሳት እለዋለሁ። ከዚያ ዜማው ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚመለስ ይሰማና፣ ሁለት ዙር ያህል አጫውቶ ድምፁ እየደከመ፣ እየደከመ፣ ሰው ሳያስደነግጥ ዝም እንዲል ልኩን ይወስንለታል። ይኸው ነው። ሥራ ፈት ካላችሁኝ አልቀየማችሁም፤ እህቴ ከእናንተ ቀድማ ብላኛለች።

እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ሕይወት ትባላለች፣ ታናሼ ናት። ስሟ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው፤ በሃሌታው ሀ ለጻፈላት ሰው መልስ አትሰጥም። አባታችን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበርና አንድ ጊዜ ግራጫ ጌም ይዞልን መጣ። ለሁለት አንድ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እናሞቀዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ እንደገና እንጋፋለን። በጌሙ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ጃፓንኛ ስለሆነ ማን ምን እንደሚለን አናውቅም። ብቻ አንድ ዋሻ ነበረ፤ እዚያ ስንደርስ አይጥ የመሰሉ ነገሮች ግር ብለው መጥተው ይበሉናል። ያቺን ዋሻ ሳናልፍ ልጅነታችን አለቀ። ከሁሉ አብልጠን በቃላችን የያዝነው ሙዚቃም የዋሻዋን ሆነ። ዝግ ያለች፣ አንጀት የምትበላ፣ ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት የምታደላ ዜማ ናት። ጃፓኖች በዜማ የሥጋ ዘመዶቻችን ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንግዲህ ሕይወት አድጋ ታምራትን ወደደች። ታምራት ለቡ ውስጥ በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ ትሑት፣ ምንም እንከን የማይወጣለት ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ወጣለት፤ ጴንጤ ነው። እናቱ ወይዘሮ አማረች ከሶዶ መጥተው መካኒሳ የከተሙ፣ ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ያሳለፉ ሴት ናቸው። በእኛ በኩል ያለው ትልቅ ሰው ደግሞ የእናታችን ወንድም ጋሽ ይልማ ነው። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገን እሱ ነው፤ አቦን ሳይሳለም ቁርስ አይቀምስም። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

ሽማግሌዎቹ ግን እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ትልቁን ነገር ጨረሱት። ጋብቻው ክፍለ ከተማ ይፈረማል፣ ምሳው አዳራሽ ይበላል፣ ልጆቹ እንደየእምነታቸው ይኖራሉ ተባለ፤ ተመረቀ። ሰዉ ሊነሣ ጋቢውን ሲያስተካክል አንዱ የማያርፍ ሰው «ለመሆኑ ሙሽሮቹ አዳራሽ የሚገቡት በምን ሙዚቃ ነው?» አለ። አለቀ። ግመሉ አልፎ መርፌው ቀረ። ጋሽ ይልማ፣ «በአባቷ ቦታ እጇን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። የእነሱ መዝሙር ከሆነ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተቀምጬ ነው የምጠብቃት» አለ። ወይዘሮ አማረች ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ዘፈን ከሆነ እኔ ደጅ እቆያለሁ፣ ሲያልቅ ጥሩኝ። የእናንተም መዝሙር ከሆነ ያው ነው፤ ለልጆቹ ያለኝ ፍቅር አይቀንስም» አሉ። ሁለቱም በጨዋ ደንብ ነው የተናገሩት። ጨዋ ሰው ሲከፋው ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሽምግልናው ከተደረገበት ከመካኒሳ አቦ ወደ ለቡ በታክሲ ተመለስን። ረዳቱ መልስ ሲሰጣት ሕይወት ሳትቆጥረው ኪሷ ከተተችው፤ ይህ በሕይወት ዘንድ ታላቅ የኀዘን ምልክት ነው። ስንወርድ፣ «እኔ ሙዚቃ አይደለም የቸገረኝ። ስገባ ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ ቆመው እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው። ከዚያ ውጭ ያለው ድግስ ቢቀርም ግድ የለኝም» አለችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ የእኔም ሞላ፣ ግን አቧራው ነው አልኩ። ትንሽ እንደ ሄድን ቆም አለችና፣ «የዋሻውን አድርግልኝ» አለች።

መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ልጅቷ አዋቂ ናት። ቃል የለው፣ ዘማሪ የለው፣ ዘፋኝ የለው። በዚያ ላይ ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገር ሀገራችን ያዘጋጀችው አንድ የተከበረ ስም አለ። ክላሲካል። በሌላው ዓለም ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንቱ ይጨነቁበት፤ እኛ ዘንድ ሰው የማይዘፍንበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። ክራር ብቻውን ከሆነ ክላሲካል ነው፣ ሳክስፎን ብቻውን ከሆነ ክላሲካል ነው፣ ኪቦርድ ተለማማጅም ጎረቤት ቢያስመርር ክላሲካል ነው። ሬዲዮ ትልቅ ኀዘን ሲኖር ክላሲካል ይለቃል፣ ሆቴሉ እንግዳ ምግብ እስኪመጣለት በክላሲካል ያባብለዋል። ክላሲካልን ማንም ተቃውሞት አያውቅም።

ለጋሽ ይልማ ደወልኩ። «ጋሽዬ፣ ሙዚቃው ተገኝቷል፤ ክላሲካል ነው» አልኩት።

«ክላሲካል?»

«አዎ።»

«ቃል የለውም?»

«የለውም ጋሽዬ፣ ዜማ ብቻ ነው።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ልል ስል፣ «ይሁን» አለኝ። ወይዘሮ አማረች ዘንድም ደወልኩ፤ ያው ጥያቄ፣ ያው ዝምታ፣ ያው «ይሁን»። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደታሰበ አልጠየቅሁም፤ ይሁን ያለን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ ብቻ ነው።

አሁን ሥራው የእኔ ሆነ። መጀመሪያ ስሙ። እናንተ በቅርብ ሠርግ ሄዳችሁ ከሆነ አዳራሽ ውስጥ ያንን የሚያህል ስክሪን አይታችኋል፤ ዲጄው የሚያጫውተው ነገር ስሙ እዚያ ላይ ይጻፋል። የመሥሪያ ቤታችን ልጅ ስታገባ፣ ሙሽራው አንገቷን ሲስማት ከበላያቸው፣ ዘፈኑን የጫነው ሱቅ በስሙ ምትክ ያስገባው የስልክ ቀፎ ማስታወቂያ ተጽፎ አይቻለሁ። ፋይሌን ከፈትኩና ስሙን አየሁት። ጃፓንኛ የሚያውቁ ሰዎች ከጌሙ ተርጉመው ያወጡለት ስም ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአጋንንት መኖሪያ፣ ምድር ቤት» ይላል። ለካ እነዚያ አይጥ ያልናቸው አጋንንት ኖረዋል! በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አንድ ነገር ላይ ፍጹም ይስማማሉ፤ አጋንንት ይወጣል እንጂ አይገባም። እኔ ደግሞ ልጠቀምበት የነበረው ለመግቢያ ነው።

ሰረዝኩት። በምትኩ «የሙሽሮች መግቢያ» ብዬ ጻፍኩ። ዓይነቱ በሚለው ቦታ «ክላሲካል» አልኩ። የአቀናባሪውን ስም አላውቀውምና ባዶ ተውኩት፤ የትም ይሁን፣ ጤና ይስጠው። ዋሸህ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ስም አወጣሁ እንጂ አልዋሸሁም። ክርስትና የተነሣ ሰው ሁሉ የቀድሞ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ አይሄድም።

ቀጥሎ ልኩ። ይህን በግምት አላደረግሁትም። የአዳራሹ ሠራተኛ ወንበር እየደረደረ ሳለ ሕይወትን ይዣት ለቡ ያለው አዳራሽ ሄድን። ጂንስ ሱሪዋ ላይ አንሶላ አስራ እንደ ቬሎ ጎተተችው፣ እኔ ጋሽ ይልማ ሆኜ ክንዷን ያዝኩ፣ ስልኬን ከፍቼ ከበሩ ተነሣን። ሙሽራ የሚሄደውን አካሄድ ታውቁታላችሁ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለሙሽራ ሳይሆን አይቀርም። ሦስት ዙር ሲሆን መድረኩ ጋ ደረስን። ለክፉም ለደጉም አንድ ዙር ጨመርኩ፤ አራት ዙር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መድከም። እንዲህ ያለ የተዋጣለት ልክ በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም። ወንበር ደርዳሪው እንኳ ሥራውን አቁሞ፣ «ደስ ይላል፣ የማን ክላሲካል ነው?» አለኝ።

የሠርጉ ቀን ሁሉም ነገር እንደታሰበው ጀመረ። በሩ ተከፈተ፣ ዜማዋ ተነሣች፣ ስክሪኑ ላይ ያወጣሁላት ስም ወጣ። ጋሽ ይልማ በነጭ ልብሱ ሕይወትን ይዞ፣ ታምራትን ከጎን አስከትሎ ብቅ አለ። በቀኝ በኩል የታምራት ዘመዶች፣ በግራ የእኛ፤ ሁሉም ተነሥቷል። ወይዘሮ አማረችን በዓይኔ ፈለግኋቸው። ደጅ አይደሉም፤ ከፊተኛው ረድፍ ቆመዋል፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። እህቴ ከዚህ በላይ የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

ነገር ግን እኔ ሒሳቤ ውስጥ አንድ የረሳሁት ነገር ነበረ። አዳራሹን ለካሁ፣ ቬሎውን ለካሁ፣ መሳሳምን አልለካሁም። ሀበሻ ሙሽራ ዝም ብላ ወንበሯ ጋ አትደርስም። የመጀመሪያዋ አክስት ከረድፏ ወጥታ ሳመቻት፤ አንድ አክስት ሳመች ማለት ደግሞ የቀሩት አክስቶች ቢስሙ ማንም ልብ አይልም፣ ባይስሙ ግን ለዘመናት ይወራል። ቀኙም ግራውም ጎረፈ። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ሙሽራዋ ገና መሐል አዳራሽ ላይ ናት። አራተኛው ሲገባደድ ወይዘሮ አማረች ራሳቸው መጥተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። እኔም ዲጄው አጠገብ ቆሜ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ድምፅ እየደከመ፣ እየደከመ ሲሄድ ሰማሁት። እንዴት ያለ ቆንጆ አደካከም ነበር! አፈር ያስበላው።

የዲጄውን ስክሪን አየሁ። ተራውን የሚጠብቀው ቀጣዩ ነገር ዘፈን ነው፤ ያውም ወገብ የሚያስይዝ፣ ከበሮው ከሩቅ የሚሰማ። እሱ ከጀመረ ወይዘሮ አማረች ወዴት እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ለዲጄው ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝምና የላፕቶፑን ክዳን ደፋሁት። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከግራ አንድ ሰው መዝሙር ቢያነሣ ቀኙ ይቀመጣል፣ ከቀኝ ቢነሣ ግራው ይቀመጣል። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ማንም አልደፈረም። ሕይወት እኔን ፈለገችኝ። ምን ላድርግላት? ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ ቆምኩ።

ያኔ ጋሽ ይልማ አፉን ሳይከፍት ዜማዋን አነሣት። የዋሻዋን። አራት ዙር ሰምቷት በቃሉ ይዟታል። ሕይወትን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ በሌላው እጁ መቋሚያ የጨበጠ ይመስል ወዘወዝ እያለ አንጎራጎራት። ወይዘሮ አማረች ከሕይወት አንገት ቀና ብለው አዩትና፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሁለተኛውን ድምፅ ያዙለት። ከኋላቸው የመዘምራን ጓደኞቻቸው ሦስተኛውን ጨመሩ። ከግራ በኩል ጭብጨባው ገባ። የአጋንንት መኖሪያ ምድር ቤት በወረብ አካሄድ፣ በሦስት ድምፅ፣ ሙሉ አዳራሽ ቆሞ ሲዘምርላት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እልልታው እስኪያስቆማት ድረስ ሙሽሮቹን አድርሳ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠች። ለማልቀስ አቧራ አላስፈለገኝም።

ምሳ ላይ ጋሽ ይልማ በጣቱ ጠራኝ። ጎንበስ ስልለት፣ «ሰዎቹ ጨዋ ናቸው» አለኝ። «ቃሉን አውጥተው ዜማውን ብቻ ይዘው መጡ። እኛን እንዳያስከፋ ብለው እኮ ነው። እኔስ ከማን አንሳለሁ ብዬ አነሣሁላቸው። እንደ እውነቱ ዜማው ደርባባ ነው።»

«ጋሽዬ፣ ክላሲካል ነው አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ ክላሲካል» አለና ጠቀሰኝ።

እጅ ለመታጠብ ስሄድ ወይዘሮ አማረች ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያ የእናንተ ዜማ የጥንት ነው አይደል? ቃሉን ያወጣችሁት ለእኛ ብላችሁ እንደሆነ ስልክ ላይ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ፈርቼ ነበር። ኋላ ግን ያቺ ልጅ እናት የላት፣ አባት የላት፤ ያሳደጋትን ዜማ እንዴት እከለክላታለሁ ብዬ ወሰንኩ» አሉኝ። የጥንት አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «አትሳቀቅ፣ አትሳቀቅ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝና ሄዱ።

እኔ እንግዲህ አንድ ቃል አግኝቼ ሁለቱንም ያታለልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አንዳቸውም አላመኑኝም። ሁለቱም የሌላው መዝሙር ነው ብለው ነው የቆሙት። ያንን ሁሉ ዝምታ ከስልኩ ወዲያ ማዶ ሆነው ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለሕይወት ስነግራት ኩሏ እስኪፈስ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «ልንገራቸው?» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ።

ስለዚህ አልነገርኩም። ባለፈው ሰሞን ታምራትና ሕይወት ቤት ከጋሽ ይልማ ጋር ምሳ ተጠርተን ሄድን። ወይዘሮ አማረች ጓዳ ሆነው ሰላጣ እየከተፉ ያቺን ዜማ ያንጎራጉራሉ። ጆሮዬን አቀናሁ፤ ቃል አለው! ልጆቹን ባርክ፣ ቤታቸውን ጠብቅ፣ ከእናትም ከአባትም በላይ ሁናቸው የሚል ነው። የራሳቸው ግጥም ነው፤ ለሕይወት ብለው ነው ያወጡት፣ ኋላ ታምራት ነገረኝ። ጋሽ ይልማ ግን ይህን አያውቅም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲሟገት ኖሮ የተፈረደለት ይመስል ፊቱ በራ።

«ይኸውልህ! ኦርጅናሉ ይህ ነው። አንተ ደግሞ ክላሲካል፣ ክላሲካል ትለኛለህ!»

ከዚያ ወዲህ ያቺን ዜማ ሌላ ነገር ናት ብዬ የምከራከርበት መረጃ የለኝም። ጋሽ ይልማ ግን በዚህ አልበቃውም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና፣ እሳቸው ጓዳ ሆነው ማንም አያየኝም ብለው እያንጎራጎሩ ሳለ፣ ሳሎን መሐል ቀጥ ብሎ ቆመላቸው።